የጠፉት መቶ አርባ አንድ ባትሪ ድንጋዮች

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ እንደኔ ሌባ የሚይዝ ሰው የለም። ፖሊሱንም ጨምሩበት! ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን በአክስቴ በአጁሉ ሱቅ አዲሱን የሽያጭ ማሽን አሳምራ የምታውቅ እኔ አቻን ብቻ ነኝ። ዕቃውን ታሳዩታላችሁ፣ ጢጥ ይላል፣ ዋጋው ይወጣል፣ የተሸጠውንም ራሱ ከቀሪው ይቀንሳል። ድሮ አክስቴ ዘይት ማለቁን የምታውቀው ደንበኛ ሲሰድባት ነበር። አሁን ማሽኑ ሳያልቅ ይነግራታል። ሰልፉም ቀርቷል።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑን ከማሽኑ ጋር ሳስተያይ ባትሪ ድንጋይ ጎደለ። መቶ አርባ አንድ ፍሬ! ማሽኑ አለ ይላል፣ መጋዘኑ የለም ይላል። ከእኔና ከአክስቴ ሌላ ቁልፍ ያለው ደግሞ ዕቃ ጫኛችን ኦሉም ብቻ ነው። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ ላይ ነበረች። እሷን መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ወንድሟን ኦሞትን ጠራሁት።

ኦሞት ብዙ መጠየቅ አይወድም። ኦሉም ሩዝ እያወረደ ነበር። ጆንያውን እንደተሸከመ ኦሞት ጀርባውን በበሩ መቀርቀሪያ ብረት አለው። ጆንያው ፈነዳ፣ ሩዙ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ኦሉም እላዩ ላይ ወደቀ።

«ባትሪውን ለማን ሸጥከው?»

«የምን ባትሪ?»

ኦሞት አፉን በጫማው መታው። የወለቀው ጥርስ ሩዙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ደሙ ብቻ ታየ።

«ማሽኑ አጋልጦታል!» ብዬ ጮህኩ። «ማሽን አይዋሽም! ሌባ! ሌባ!»

እኛ ገበያ ሌባ ካላችሁ ሰው ለመሰብሰብ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ባጃጅ ነጂው መጣ፣ ዓሣ ሻጩ መጣ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ መጣ። ምን ጠፋ ብሎ የጠየቀ የለም። አንዱ አንገቱን ረገጠው። ሌላው እጁን ሲጠመዝዘው ደረቅ ሸንበቆ የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጎኑን በነጠላ ጫማዬ ረገጥኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ኦሞት ብረቱን ከራሱ በላይ አነሳ። አሁን ጭንቅላቱን ሊለው ነው። ኦሉም ባልተሰበረው እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ «አቻን! ማክሰኞ ለዲማው ወርቅ ቆፋሪ የጫንኩትስ?» አለ።

«የቱን?»

«ሦስቱን ካርቶን ነዋ!»

ማክሰኞ ሻጯ እኔ ነበርኩ።

አክስቴ የደረሰችው ያኔ ነው። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገብታ ኦሉም ላይ ተደፋችበት። ብረቱ የእሷ ትከሻ ላይ አረፈ። ጮኸች። ኦሞት ደንግጦ ብረቱን ጣለው።

«ካርቶን ሲል ሰምቻለሁ» አለችኝ ትከሻዋን ይዛ። «ማሽኑ ላይ ማክሰኞን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ሰዓቱ፣ ዕቃው፣ የሻጩ ስም፣ ሁሉም አለ። ባትሪ ድንጋይ፣ ሦስት ፍሬ፣ ሻጭ አቻን። አክስቴ ስልኳን አወጣች። በዚያው ሰዓት ወርቅ ቆፋሪው በስልክ የላከላት ብር የሦስት ሙሉ ካርቶን ነው።

«አንድ ካርቶን ስንት ይይዛል?»

«አርባ ስምንት።»

«አንቺስ ለማሽኑ ምን አሳየሽው?»

መደርደሪያ ላይ የነበረችውን አንዷን ፍሬ አንስቼ ሦስቴ ጢጥ አድርጌአት ነበር። ካርቶኖቹ መጋዘን ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል?

ሰዉ አንድ በአንድ ሹልክ አለ። የረገጠውም ያልረገጠውም እኩል ፈጠነ። ኦሞት ኦሉምን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ።

የኔ አፍ ግን መች ዝም ይላል! የኦሉምን ፊት በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ፣ «ቢሆንም ኦሉም፣ ማሽኑን ከፍቼ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ዛሬ ሞተህ ነበር» አልኩት።

ደሙን ተፋና፣ «አንቺ ባትኖሪ ማን ይመታኝ ነበር?» አለኝ።