የአባቷ ሹፌር

የአባቷን ትራክተር ሊገዛ ያሰበው ሰው በስልክ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ከሞተሩና ከካምቢዮው መሃል የገባው ግራጫ ብረት ምንድን ነው?»

የላከችለትን ፎቶ አገላብጦ አይቶታል ማለት ነው። እሷ ግን ከየት ታውቀዋለች? ሃያ ዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ ቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ትራክተር ሆድ ዕቃ ምን ይጠየቃል? ልጅ ሆና ነድታዋለች። ያኔ ቀይ ነበር፣ ሁሉ ነገሩ ቀይ፤ እንዲህ ያለ ግራጫ ወገብ አልነበረውም። ከመቀመጫው በታች በግራ በኩል የበቀለችውን አጭር ማርሽም አታውቃትም።

«የማላውቀውን ዕቃ አልገዛም» አለ ገዢው ቁርጥ አድርጎ። «ወይ ምንነቱን ንገሪኝ፣ ወይ አስፈትተሽ አውጪው። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

እውነቱን ከተናገርን ወደ አባቷ ቤት የመጣችው ለትራክተሩ ብላ አልነበረም። ትራክተሩ ሰበብ ነው። የመጣችው ሹፌሩን ፍለጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ አባቷን «ሸጠህ እኔ ጋ ና» ብላ ለመነችው። አሻፈረኝ አለ። «ታዲያ ብቻህን እንዴት ትሠራለህ? ድርቆሽ ስትጭን ማን ይነዳልሃል?» አለችው፤ ድሮ የምትነዳለት እሷ ነበረችና። በሁለተኛው ሳምንት ደውሎ «ሹፌር ቀጥሬያለሁ» አላት። እፎይ አለች። ከዚያ ወዲያ ለስድስት ዓመት በየእሑዱ የሚያወሩት ስለ ሹፌሩ ነበር። ሹፌሩ ጥርሱን አሞታል። ሹፌሩ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል። ሹፌሩ እየነዳ ያፏጫል፣ ያውም ከዜማ ውጪ። እሷ ትስቃለች፣ አባቷም ይስቃል፣ ስልኩ በሳቅ ይዘጋል። አንድ ዓመት ብርዱ ሲከፋ ለሹፌሩ ብላ ጃኬት ላከች። «ልክክ አለለት፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል» አላት አባቷ።

ከሦስት ወር በፊት አባቷ በተኛበት አረፈ። ቀብሩ ላይ ዓይኗ ሹፌሩን ሲፈልግ ዋለ፤ እኔ ነኝ ብሎ የመጣ ግን አልነበረም። አሁን ደግሞ ቁምሳጥኑን ስትከፍት ጃኬቱን ከነላስቲኩ አገኘችው። በአባቷ ተናደደች። ለሰው የተላከ ስጦታ ይደበቃል? ጃኬቱን በገዛ እጇ ልትሰጠው፣ ትራክተሩንም ከፈለገው ለእሱ ልትተውለት ቆረጠች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ አባቴ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደስ ብሎት ነበር ወይ? ሌላ የሚነግራት ሰው የለም። ይህንን ሳታውቅ ብትመለስ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቀዋለች።

ጎረቤቲቱን ጠየቀቻት። ጎረቤት ትባል እንጂ ቤቷ ከማሳው ባሻገር ዳገቱ ላይ ነው።

«ሹፌር?» አለች ጎረቤቲቱ። «ትራክተሩ ሲሄድ አያለሁ፤ አባትሽ ከጎኑ በእግራቸው ሲሄዱ አያለሁ። ላዩ ላይ ማን እንዳለ ግን ከዚህ ሆኜ ልብ ብዬ አላውቅም። እኔ ደግሞ በሰው ጉዳይ አልገባም።»

ወሬኛ ጎረቤት የሚናፈቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ዓርብ ጠዋት አሮጌ ትራክተር የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ አስመጣች። «ጥርስ ቆጣሪው» ይሉታል። ስሙ የወጣለት የማርሽ ጥርስ እየቆጠረ የየትኛውንም ፋብሪካ ካምቢዮ ስለሚለይ ነው፤ የራሱ ጥርሶች ግን ለቁጥርም አይበቁም። ሹፌሩንም ያውቀው ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

«የዚህ ቤት ሹፌር?» አለ ትራክተሩ ሥር እየተንፏቀቀ። «እኔ የማውቀው ብረት ነው ልጄ፣ ሰው አይደለም። እስቲ ባትሪውን ወዲህ አብሪልኝ።»

ግራጫውን ብረት በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ አሸተተው፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ አዳመጠው። የትራክተሩ ፋብሪካ እንዳልሠራው ወዲያው ገባው፤ ብሎኖቹ ሌላ ናቸው፣ ቀለሙ ሌላ ነው። የስም ሰሌዳው ተነቅሎ የቀሩት አራት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው።

«ፍጥነት መጨመሪያ ነው» አለ። «ድሮ አስፋልት ላይ መሮጥ የሚያምራቸው ያስገቡት ነበር።» ጥቂት ቆይቶ፣ «የለም የለም፣ ቶሎ ወደ ኋላ መመለሻ ነው» አለ። በሦስተኛው ብረቱን ዳግመኛ አሸተተው። አላውቅም የሚለው ቃል ከአፉ እንዳያመልጥ ሲታገል ፊቱ ላይ ይታያል።

«በቃ እንቁጠር!» አለ በመጨረሻ።

የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አነሣ፣ ሞተሩ በእጅ እንዲዞር ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። አጭሯን ማርሽ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ትልቁን ማርሽ አንደኛ ላይ አድርጎ፣ የእጅ ማስነሻውን ብረት ለእሷ ሰጣት። እሷ ሞተሩን ታዞራለች፣ እሱ ይቆጥራል። ጎማው ሩብ ዙር እስኪሄድ ሞተሩ ሃያ ጊዜ ዞረ። «ይሄ የወትሮው ነው» አለና አጭሯን ማርሽ ወደ ኋላ ሳባት። እንደገና ማዞር ጀመረች። ሃያ። አርባ። ጠመኔው ንቅንቅ ያለ አይመስልም። ስልሳ። ክንዷ ዛለ፣ ላቡ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሩብ ዙሩ የሞላው መቶ ላይ ነው።

ሽማግሌው በድዱ ሳቀ። «ያዝኩህ! ማዘግያ ነው። ፍጥነቱን አምስት እጅ ይቀንሰዋል። በዚህ ላይ አንደኛ ካስገባሽበት ኤሊ ይቀድመዋል።»

«ይህንን የሚፈልግ ማን ነው?»

«ችግኝ የሚተክል።»

«አባቴ ችግኝ ተክሎ አያውቅም።»

«እንግዲያው...» አለና ትራክተሩን ዞረው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተበስቷል፤ ከሥሩም ትንሽ የብረት ቀለበት ተበይዷል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ኋላው ጎማ መሸፈኛ፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ቀለሙ በቀጭኑ ተፍቆ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያብረቀርቃል። ሽማግሌው ጣቱን በዚያ መስመር ላይ አስኬደ።

«ገመድ ነው» አለ። «አጭሯን ማርሽ ታስገቢያለሽ፣ መሪውን ታስሪያለሽ፣ ከዚያ ትወርጃለሽ። እሱ በራሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። አንቺ ከጎኑ እየሄድሽ ትጭኛለሽ። ይቁም ካልሽ ገመዱን መሳብ ነው፣ ፍሪሲዮኑን ይይዝልሻል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ነው ልጄ። ሹፌር ለሌለው።»

«አባቴ ሹፌር ነበረው» አለች።

ሽማግሌው አልተከራከራትም። «ይሄ የአንድ ዓመት መፋቅ አይደለም» አለ ብቻ፣ ብረቱን እያየ።

እጇ ላይ ያለውን የማስነሻ ብረት እንደያዘች ቆመች። ጥርሱን ያመመው አባቷ ነው። ከዜማ ውጪ የሚያፏጨውም፣ ድሮስ ቢሆን ከእሱ ሌላ ማን ያንን ዜማ ያበላሸዋል? ከሚስቱ ጋር የተኳረፈው ማን እንደሆነ ግን ልትደርስበት አልቻለችም፤ እናቷ ያኔ ከሞተች ቆይታለች። ደስ ብሎት ነበር ወይ ብላ የምትጠይቀው ሰው በምድር ላይ እንደሌለ ገባት። እያፈረች አለቀሰች። ያፈረችው በሽማግሌው ፊት በማልቀሷ አልነበረም፤ ያፈረችው በእነዚያ ሁሉ እሑዶች እፎይ ብላ ስልኩን በመዝጋቷ ነው። ሽማግሌው ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ መልሶ አስገብቶ፣ ጎማዎቹን አውርዶ ዕቃውን ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ትራክተሩን አስነሥታ ወደ ማሳው አወጣችው። አጭሯን ማርሽ አስገባች፣ መሪውን በገመድ አሰረች፣ ከፔዳሉ ያሰረችውን ሌላ ገመድ ይዛ ወረደች። ባዶው መቀመጫ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፣ እሷ ከጎኑ ትሄዳለች። ማሳው ጫፍ ላይ ሮጣ ወጥታ አዞረችው፣ ተመልሳ ወረደች። በአራተኛው ምልልስ ገመዱን ሳበችና መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቷ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። በድምፁ ጎልማሳ መስሏት ነበር፤ አባቷን የሚያህል ሽማግሌ ሆኖ አገኘችው። ብረቱ ምን እንደሆነና ለማን እንደሚሆን ነገረችው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ደባበሰው።

«እንግዲያው አታስፈቺው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሚነዳልዎት ሰው የለም?»

«ልጅ አለኝ እኮ። ይመጣል።»

«መቼ ነው የመጣው?»

ገዢው ወደ ጎማው አየ። «ሥራ ይበዛበታል።»

«ብቻዎን እንደሚሠሩ ያውቃል?»

«ሠራተኛ አለኝ ብዬዋለሁ። ምን ላስጨንቀው?»

ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ደውለው እውነቱን ካልነገሩት ቁልፉን አልሰጥዎትም።»

«አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ?»

«እንጃ» አለችና ስለ ሹፌሩ ነገረችው፤ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ጃኬቱ። ሊቆጣ የተነሣው ሰውዬ ቀስ በቀስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ መነጽሩን ፈልጎ አደረገና ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጆሮው ስለማይሰማለት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ የልጁ ድምፅ ለእሷም ጥርት ብሎ ተሰማት።

«አባዬ፣ ሥራ ይዣለሁ። ማታ ልደውልልህ?»

«እሺ ልጄ። ምንም አይደል፣ አይዞህ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷም ይህንኑ የልጁን ቃል አባቷን ስንት ጊዜ ብላዋለች፣ ያውም በዚሁ በሚቸኩል ድምፅ። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ።

«ማታ ይደውላል» አለ። «ጥሩ ልጅ ነው።»

«ይደውላል» አለች።

ቁልፉን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያም ገመዱን ይዛ፣ መሪውን እንዴት እንደሚያስረው ልታሳየው ትራክተሩ ላይ ወጣች።