ባዶውን የሚሄድ መኪና

ጃንዋሪ 14 ቀን ነገሩ እንዲህ ነበር። በግራንሊደን መንደር ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ሃያ ዘጠኝ፣ የምንኖርባቸው ሰዎች ሃምሳ ሁለት። ከሰባ ዓመት ያለፍነው ሠላሳ አንድ ስንሆን፣ ከመካከላችን አሥራ ሁለቱ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ወይ መጀመሪያውኑ አላወጡም፣ ወይ በሐኪም ትእዛዝ ተነጥቀዋል። አውቶቡስ የሚቆመው ከመንደሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ ሜትር ርቆ፣ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ይሄዳል፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ይመለሳል። የተማሪዎች አውቶቡስ ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱም ይቀራል።

ከቤቴ ቀጥሎ ያለው ቤት የቲራ ነው። ቲራ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ኤቨርት አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይኖራል። ደም አንጎሉ ውስጥ ከፈሰሰ ወዲህ ትዝታው እየከዳው ሄዷል፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ይለያል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን ማንንም አይለይም። ቲራ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ዲሴምበር 26 ነው። በሦስተኛው ቀን የዓይን ሐኪሙ በዓይኗ መሃል የተቀመጠውን ጥቁር ነጥብ ለካና መንዳት ከለከላት። እንግዲህ ባሏን ካየች አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር።

ያን ጊዜ ይህን ሁሉ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ያየሁት ሽቦውን ነው። ቲራ ማታ ማታ፣ ብርዱ ሞተሩን እንዳያደርቀው የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከግድግዳው ስባ መኪናዋ ላይ ትሰካዋለች። ጠዋት ሞተሩ ሞቆ ይጠብቃታል፣ እሷ ግን አትነዳም። ይህን ዘጠኝ ቀን በተከታታይ አየሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የወንዝ ከፍታ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ሥራ የሚፈለገው በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የጠበቁትን ሳይሆን ያዩትን መጻፍ ነው።

ጃንዋሪ 18 ጠዋት በሯን አንኳኳሁና፣ «ከተማ ልወስድሽ እችላለሁ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ካፖርቷን ለበሰች። ወሰድኳት፣ መለስኳት። በሁለተኛው ቀን በረንዳዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ አራት ኪሎ የአጋዘን ሥጋ ይዛ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሥጋ ነዋ። የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም፤ ራሴ ነኝ የቆራረጥኩት።»

«ቲራ፣ ይኼ ሁሉ ለምን?»

«ተቀበል፣ ሂልዲንግ። ብርድ አታስመታኝ።»

ተቀበልኩ። በሳምንቱ ዳግመኛ ልውሰድሽ ብላት፣ «አጋዘኑ አለቀ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። በሩንም ዘጋችው።

ችግሩ የኔና የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው በቀረ። ግን አሥራ አንድ ሌሎች ነበሩ። ጃንዋሪ 25 የመንደሩ ማኅበር ከዓመታት በፊት በተዘጋው የመንደሩ ትምህርት ቤት ሲሰበሰብ ሐሳቤን አቀረብኩ። የበረዶ ሸርተቴ ክለቡ ሲፈርስ ለማኅበሩ የተወው ባለ ዘጠኝ መቀመጫ ሚኒባስ ያለ ሥራ ቆሟል፤ ሾፌር ብናገኝ መንዳት የማይችሉትን ሁሉ እናደርሳለን አልኩ። የስልሳ ስምንት ዓመቱ ቢርየር እጁን አወጣ።

«ሠላሳ ዓመት በከባድ መኪና ግንድ ጭኛለሁ» አለ። «ግንድ አያጉረመርምም። እስቲ ደግሞ እናንተን ልሞክር።»

«ግንዱ አፍ ቢኖረው ኖሮ እንሰማው ነበር» አለች ማርጊት ከኋላ። ማርጊት ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ከመንደሩ የፖስታ ሳጥኖች ትይዩ ስለሆነ ከመስኮቷ የሚያመልጥ ነገር የለም።

ወረቀቱን እኔ ጻፍኩት። አሁንም አለኝ፤ ጥርት ያለ ወረቀት ነው። «በዋዜማው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይደውሉ። ካሉበት በር ወስደን ካሰቡበት በር እናደርስዎታለን። ያለ ክፍያ።» ከሥሩ የኔን ስልክ ቁጥር ጨመርኩ። አሥራ ሁለቱ ቤት አንድ አንድ አስገባሁ።

አራት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ስልክ ተደወለልኝ። የመጀመሪያዋ ማርጊት ነበረች።

«እስካሁን ማን ማን ደወለ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔም አልደወልኩም» ብላ ዘጋችው።

ሁለተኛው የላይኛው ሰፈር ሽማግሌ ነበሩ። አገልግሎቱ ለተቸገረ ሰው መልካም እንደሆነ፣ እሳቸው ግን ገና እዚያ እንዳልደረሱ ነገሩኝ። እኚህ ሰው በዘጠና ዓመታቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሦስተኛው መስኮት የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሚኒባሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ሠላሳ አራት ሴንቲ ሜትር ደረሰ።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቲራ ከዋናው መንገድ በኩል በእግሯ ስትመጣ አየኋት። መንገዱ እንደ መስታወት ነበር፤ በጫማዋ ላይ የብረት ጥርስ አሥራ፣ በጠርዙ እየተጠጋች ነው የምትራመደው። ወጥቼ ተቀበልኳት።

«ከየት ነው?»

«ከኤቨርት ዘንድ።»

«በምን ሄድሽ?»

«በመጻሕፍቱ አውቶቡስ።» በየሦስት ሳምንቱ ሐሙስ ቀን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት መጥቶ መጽሐፍ የሚያውሰን አውቶቡስ ነው። «እሱ ሲመለስ አብሬው ገባሁ። ስመለስ በተማሪዎቹ አውቶቡስ መጣሁ።»

«የመጻሕፍቱ እኮ ከተማ የሚደርሰው ሰባት ሰዓት ላይ ነው።»

«አውቃለሁ። የጠዋቱን ለመያዝ ግን በጨለማ መሄድ አለብኝ፤ ዓይኔ አይችልም።»

«ታዲያ ለምን ለኛ አልደወልሽም? በጠዋት እናደርስሽ ነበር።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት የበሬን እጀታ ያዘች፤ ደክሟት ነበር። «እሱ እየሄደ ነበር፣ ሂልዲንግ። እሱ የሚሄደው ለመጻሕፍቱ ነው። እናንተ የምትሄዱት ለኔ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በበረዶ ሸርተቴ ሄዳለች። ጎረቤታችን ፈረስ ነበረው።»

«ለምን አልጠየቀችውም?»

«ፈረሱ ሥራ ነበረበት» አለችኝ፤ ይህን አለማወቄ እንደገረማት ሁሉ።

ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። ኤቨርት ነርሷን «ቲራ» ብሎ ይጠራታል። እሷን ግን አየት አድርጎ፣ «ለማገዶው ነው የመጣሽው፣ እመቤት?» ብሏታል። ነርሷ እንደነገረቻት በጃንዋሪ በየቀኑ ሚስቱን ይጠይቅ ነበር፤ አሁን በሳምንት አንዴ ቢጠይቅ ነው። «እየቀነስኩ ነው» አለች ቲራ።

ያን ምሽት ወረቀቴን አወጣሁና አነበብኩት። ስሕተቱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ «ይደውሉ» የሚለው። እኔ የቆጠርኩት መንዳት የማይችሉትን ነው። መጠየቅ የሚችሉትን አልቆጠርኩም። አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ አንድም አላገኘሁም። ራሴንም ጨምሬ አሰብኩ፤ ያው ነበር።

በማግሥቱ ቢርየር ዘንድ ሄድኩ። «ስልኩ ይቅር» አልኩት። «ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ከፖስታ ሳጥኖቹ ትነሣለህ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከከተማ ትመለሳለህ።»

«ማንን ይዤ?»

«የመጣውን።»

«ማንም ካልመጣስ?»

«ባዶህን ትሄዳለህ።»

«ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሜትር አየር ላመላልስ?»

«አየር አያጉረመርምም።»

ሳቀና እሺ አለ። የማኅበሩን ፈቃድ አገኘን፣ ሰዓቱን ጽፌ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ለጠፍኩ። ማርች 5፣ ሐሙስ ቀን ተጀመረ። ቢርየር በሰዓቱ መጣ፣ ሁለት ደቂቃ ቆመ፣ ማንም አልወጣም፣ ሄደ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ማርጊት በራፌ ላይ ናት።

«አልደረሰም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መኪናው። የአክስቴ ልጅ ሲቭ ከተማ ውስጥ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው ቤቷ። ከሦስት ሰዓት ጀምራ መስኮቱ ላይ ናት። አልደረሰም። እኔም ቅድም ሲመለስ አይቼዋለሁ።»

«ሰው ስላልነበረበት ይሆናላ።»

«አየህ!» አለች ጣቷን ቀስራ። «እንግዲያው ለኛ ነው የሚሄደው።»

ቢርየር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ድልድዩ ላይ ዞሮ ነበር። እስከ ማታ ድረስ አሥራ ሁለቱም ቤት ይህን አወቀ። እኔም ሄጄ አፋጠጥኩት።

«ነዳጅ ቆጠብኩላችሁ፣ ደግሞ ትቆጡኛላችሁ?» አለ።

«ስትዞር አይተውሃል። መኪናው የራሱ ጉዳይ ከሌለው ማንም አይገባበትም። አንተ ከተማ ጉዳይ የለህም?»

አገጩን አከከ። «ሐኪሙ ለወገቤ ከተማው መዋኛ ገብተህ ዋኝ ብሎኛል። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ግባዋ!»

«እኔ ውኃ ውስጥ ስገባ ውኃው ይወጣል፣ ሂልዲንግ።»

«እኔ ከፍታውን እለካልሃለሁ።»

ቅዳሜ ባዶውን ሄደ። ሲቭ እንደመሰከረችው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ደረሰ። ማክሰኞም ባዶውን ሄደ፤ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት። ፎጣ ይዞ እንደወረደም ሲቭ አይታለች። «እብድ ነው» አለች ማርጊት ዜናውን ስትነግረኝ፣ ደስ ብሏት። «ሰው ኖረም አልኖረም ይሄዳል።»

ማርች 12፣ ሐሙስ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት ነበር። የራሴን ሳጥን ልከፍት ስወጣ ቲራ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆማለች። ደህናውን ካፖርቷን ለብሳለች፣ ቦርሳ በክንዷ አንጠልጥላለች፣ በእጇ ፖስታ ይዛለች። ፖስታው ላይ ቴምብርም አድራሻም አልነበረም። ቢርየር መጣና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ትሄጃለሽ?»

«ፖስታ ላስገባ ነው የወጣሁት።»

«እሺ» አለና መስኮቱን ከፍ አደረገ። ማርሹን ሲያስገባ ሰማሁት። እኔ አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ፤ በጣቷ መስተዋቱን መታ መታ አደረገች።

«ለማንኛውም ትሄዳለህ?»

«ዋና አለብኝ» አለ ቢርየር፣ ወደ ፊት እያየ።

ቲራ አየር በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳበች፤ እኛ አገር እሺ ማለት ነው። ዞራ በሩን ከፈተችና ገባች። የኋላ መብራቱ በመታጠፊያው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ማርጊትም መስኮቷ ላይ ነበረች።

ያን ቀን ኤቨርት አላወቃትም። ስለ ማገዶው ጠየቃት፤ እሷም በቂ ማገዶ አለ አለችው፣ አጠገቡም ተቀመጠች። ቅዳሜም ያው ነበር። ማክሰኞ እጇን ያዘ፣ ግን በስሟ አልጠራትም። ስትመለስ ምንም አልጠይቃትም ነበር፤ የሆነውን ራሷ ነበር የምትነግረኝ። በአምስተኛው ጉዞዋ፣ ማርች 21፣ ከመኪናው ወርዳ ወደ ቤቷ በመሄድ ፈንታ ቀጥታ ወደኔ መጣች።

«ጫማዬን አየው» አለች። «በረዶ ነበረበት። በዚህ መንገድ ነድተሽ ነው የመጣሽው? አለኝ። ቢርየር ነው ያመጣኝ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለ?»

«‹ቢርየር? ታዲያ እንዴት በሕይወት አለሽ፣ ቲራ?›»

ይህን ስትናገር ቢርየር ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ድሮም አይወደኝም» አለ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረና የመኪናውን መስተዋት መጥረግ ጀመረ። መስተዋቱ ንጹሕ ነበር።

በአፕሪል ማርጊት የሲቭ መስኮት መታጠቡን ላረጋግጥ ብላ ተሳፈረች። የላይኛው ሰፈር ሽማግሌም የቢርየርን ዋና ሊያዩ ሄዱ፤ አይተውም ሳይቀልዱ አልተመለሱም። ማንም ተሳፋሪ ልሄድ ነው ብሎ አያውቅም። ሁሉም ፖስታ ሊያስገባ ወጥቶ ነው የሚገባው።

ከድልድዩ የተመለሰውን የመጀመሪያውን ቀን ሳልቆጥር፣ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ መኪናው 129 ጊዜ ከተማ ደርሷል። ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች ዘጠኙ ቢያንስ አንዴ ገብተውበታል። 14 ጊዜ ባዶውን ሄዷል። ቲራ 108 ጊዜ ተሳፍራለች፤ ራሷ እንደቆጠረችው ከእነዚያ ውስጥ ኤቨርት በስሟ የጠራት 61 ጊዜ ነው።