የኢክራ ምላስ

ሀያቱ ልጇን በገዛ እጇ መርዝ አበላቻት። እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ወፍ እየጮኸ፣ ሁለቱም እየሳቁ።

መርዝ መሆኑን አላወቀችም። ግን ሰጥታታለች። ሌላ የሰጣት ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀያቱ መርካቶ ውስጥ የቅመም ሱቅ አላት። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ የሌለ የለም። ሱቁን የወረሰችው ከእናቷ ነው፤ ከሱቁ ጋር ምላሷንም ወርሳለች። ጆንያ ሲራገፍ ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ጣል ታደርጋለች፣ አንዴ ታላምጣለች፣ "ይሄ የዘንድሮ አይደለም፣ መልሰው" ትላለች። ያመጣው ሰውዬ ወላሂ ቢላህ ይላል፤ እሷ ወደ ሌላው ጆንያ አልፋለች።

ሰሞኑን ግን በረመዳን የጎደሏትን ቀናት እያካካሰች ትጾም ነበር። ጾመኛ ደግሞ ጆንያ አይቀምስም። ሥራው መቆም የለበትማ! የስምንት ዓመት ልጇን ኢክራን ማስቀመስ ጀመረች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በርጩማው ላይ ቁጭ ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መዳፏን ትዘረጋለች።

"ምንድነው?"

"ነጭ አዝሙድ።"

"የዘንድሮ ነው የአምና?"

"የአምና። አቧራ አቧራ ይላል።"

የቅመም ተራው ሁሉ ጉድ አለ። ጎረቤቷ ሙናዊር "ይቺን ልጅ በኪሎ ሽጪልኝ እንጂ" እያለ ይቀልዳል። ሀያቱ ኩራቷ ልክ አጣ። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፦ አትትፊ። የሰው ዕቃ አፍሽ ከገባ ዋጪው፤ ባለቤቱ ፊት መትፋት ስድብ ነው። ኢክራም ትውጣለች። ሚጥሚጣም ቢሆን፣ እንባዋ እየወረደ ትውጣለች።

ከዚያ ልጅቷን ሳል ያዛት። የሰፈሩ ክሊኒክ ሀኪም "የበርበሬ ብናኝ ነው። ዛፍ ያለበት ቦታ ውሰጃት፣ ትሩጥ፣ ትተንፍስ" አለ። አባቷ አዩብ ኮረሪማ ሊገዛ ጅማ ወርዷል። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ሀያቱ የምትቀርበት ሰበብ አጣች። ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ ወዳለ የዕፅዋት ማዕከል በታክሲ ወጡ።

በሩ ላይ ጋሼ ኪዳነወልድ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ጥበቃ አሉ። ትኬቱን ቆርጠው ሰጧትና፣ "ቀይ የተቀባውን ድንጋይ እየተከተላችሁ ሂዱ። ከመንገዱ አትውጡ። ምንም ነገር አትቀንጥሱ" አሏት።

"ምን እንቀነጥሳለን ጋሼ? ዛፍ ብቻ ነው እኮ።"

"ዛፍ ብቻ!" ብለው ሳቁ። "ከየት ነው የመጣሽው ልጄ?"

"ከመርካቶ።"

"አሃ" አሉ።

ገቡ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። የዛፎቹ ግንድ ላይ ትንንሽ ቆርቆሮ ተሰቅሏል።

"እማ፣ ዋጋቸው ነው?"

"ስማቸው ነው።"

"ታዲያ ስንት ነው?"

"አይሸጡም አልኩሽ! ሩጪ፣ ተንፍሺ።"

ኢክራ ሮጠች። ሀያቱ ከኋላ ተከተለቻት። ጸጥታውን አልወደደችውም። መርካቶ ጸጥ ካለ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ግብር ሰብሳቢ መጥቷል። እዚህ የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዳንዴ ቅርንጫፍ ቀጭ ይላል፣ ዞር ስትል ማንም የለም።

አንዱ ጥምዝ ላይ፣ አፈር የተቆለለበት ቦታ፣ ጉልበት የሚያህል የደረቀ ተክል አየች። ቆርቆሮ የለውም። እሾሃም ቅርፊት ይዟል፤ ቅርፊቱ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ሆዱ ይታያል። ውስጡ ጥቁር፣ ጥቃቅን ፍሬ ሙሉ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ሀያቱ ቅመም የምታውቀው በጆንያ ነው። ከነግንዱ አይታ አታውቅም። ከባሌ የሚያመጣላት ሰውዬ ግን አንዴ ነግሯታል፤ ጥቁር አዝሙድ ቀንድ ቀንድ ባለው ቅርፊት ውስጥ ነው የሚበቅለው ብሏል። ይኸው ቀንድ። ይኸው ጥቁር።

"ኢክራ! ነይ ነይ። ዓይንሽን ጨፍኚ።"

ልጅቷ እየሳቀች መጣች፣ መዳፏን ዘረጋች። ሀያቱ ዛሬም ጾማለች፤ ቆንጠር አድርጋ ጣለችላት። ኢክራ አፏ ውስጥ ጨመረችው፣ አላመጠች፣ ፊቷን ጨመደደች።

"ይመራል።"

"እና ምንድነው?"

"እኔንጃ።"

እኔንጃ ብላ አታውቅም። ሀያቱ ሳቋ መጣ። "ትንሽ ስለሆነ ነው" አለችና ሁለተኛ ቆነጠረችላት። "በደንብ አላምጪው።"

ኢክራ በደንብ አላመጠችው። ዋጠችው። "ጥቁር አዝሙድ አይደለም፣ እማ" አለች።

"የጫካ ይሆናላ!" ሀያቱ የተረፈውን ከነቅርፊቱ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች። ቅመም ለሚያመጣላት ሰውዬ ልታሳየው። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ኢክራ ውሃ አለች። የያዘችውን አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሙሉ ጠጣች። አሁንም ውሃ አለች።

"አሁን ጠጣሽ እኮ!"

"ምራቄ አለቀ።"

ፊቷ ቀልቷል። ሩጫ ነው አለች ሀያቱ። ግንባሯን ስትነካው ይፋጃል፤ ላብ ግን ጠብ አላለም። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ሄደችና ወደ ጎን ተንገዳገደች፣ ግንድ ይዛ ቆመች። ወደ ላይ አንጋጠጠች።

"እማ፣ ሰዎቹ ለምን ዛፍ ላይ ወጡ?"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ጆንያ የተሸከሙት።"

ሀያቱ ቀና አለች። ቅጠል ነው። ቅጠልና ሰማይ።

"ማንም የለም፣ ኢክራ።"

"አንዱ እያየሽ ነው።"

ትልቅ ዛፍ ሥር ናቸው፤ ሥሩ ከመሬት ወጥቶ እንደ ጣት ተዘርግቷል። ሀያቱ ልጅነቷን ሙሉ የሰማችው መጣባት፦ ትልቅ ዛፍ ሥር ቁርኣን ሳይቀሩ አይታለፍም፣ ጂን አለው። ቢስሚላህ ሳልል አልፌያለሁ አለች። ልጅቷን እቅፏ ውስጥ አስቀመጠች፣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች፣ አየተል ኩርሲን ቀራች። ጨረሰች። ደገመች። ሦስተኛ ጀመረች። ደቂቃው ይሄዳል። የልጅቷ ልብ በልብሷ ላይ ይታያል፤ ጥ ጥ ጥ ጥ፣ መቁጠር አይቻልም።

ኢክራ እጇን አነሳች። ከአየር ላይ የሆነ ነገር ቆነጠረች። በሦስት ጣቷ፣ ልክ እንደ እናቷ። አፏ ውስጥ ከተተች፣ አላመጠች።

"ይመራል" አለች።

ሀያቱ መቅራቷን አቆመች።

ጂን አይደለም። እኔ ነኝ።

ጣቷን ልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ሰደደች። ኢክራ ነከሰቻት፤ ምንም አልወጣም። ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ልጅቷን አዘለችና ቁልቁል መሮጥ ጀመረች። ቀዩ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ የለም፣ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የትኛው ነው? ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መርካቶ ቢሆን ዓይኗን ጨፍና በቅመሙ ጠረን ትወጣለች፤ እዚህ የሚሸተው እርጥብ አፈር ብቻ ነው። በግራ ሄደች። ገደል ሆነ። ተመለሰች። ጫማዋ አመለጣት፣ ትታው ሄደች። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ለማታያቸው ሰዎች ታወራለች። "ኪሎው ስንት ነው?" ትላለች። ትስቃለች። ሳቁ የኢክራ አይደለም።

"ኢክራ፣ አናግሪኝ! እኔን አናግሪኝ!"

"አንቺ ማነሽ?" አለቻት ልጅቷ።

ሀያቱ ጮኸች። ማንን እንደምትጠራ ሳታውቅ ዝም ብላ ጮኸች።

ጋሼ ኪዳነወልድ ከታች ሰምተው እየሮጡ መጡ። "ምን ሆነች? ወደቀች?" አሉ። ሀያቱ "ሶፍቱን እዩት!" ብላ ቦርሳዋን ወረወረችላቸው። ሶፍቱን ፈቱት። ፊታቸው ተቀየረ።

"አስተናግር! ይሄ መርዝ ነው! የፈጣሪ ያለህ! ይሄንን አንስታ በላች?"

ሀያቱ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው በሩ ላይ የነገሯት ነገር ጆሮዋ ላይ አለ። የአዩብም ፊት ታያት።

"አዎ" አለች። "አንስታ።"

"ከውስጡ ካለው ስንት ፍሬ?"

"አንድ… አንድ ሁለት።"

"ተመስገን! አንድ ሁለት ፍሬ ምንም አያደርጋት። ልጅ መቼም ያገኘውን ነው አፉ ውስጥ የሚከተው፣ አንቺ ምን ታደርጊ!"

የግቢውን ፒካፕ አስነስተው ራሳቸው ነዱት። መንገዱን ሙሉ አጽናኗት። "አይዞሽ፣ የኔም ልጅ አንዴ ሳሙና በልቶ ነበር" አሉ። ባጽናኗት ቁጥር ባሰባት። እቅፏ ውስጥ ኢክራ አየር ትቆነጥራለች። ትቆነጥራለች፣ ታላምጣለች፣ ትውጣለች።

ሆስፒታል ደረሱ። ሳምራዊት የምትባል ወጣት ሀኪም በባትሪ የልጅቷን ዓይን አየች። ጥቁሩ ዓይኗን ሞልቶታል፤ መብራት ሲበራበት አልጠበበም።

"ምን በላች?"

ጋሼ ኪዳነወልድ ቀደሙ። ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ "ይሄንን ነው። ከመሬት አንስታ፣ አንድ ሁለት ፍሬ" አሉ።

"እናቷ ነሽ? አንድ ሁለት ነው?"

ሀያቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ጥሩ። ከሆነ አይከፋም። ግሉኮስ ይሰካላትና እናያታለን።" ለነርሷ አንድ ነገር ተናገረች፣ እጁ የተሰበረ ሰው ወዳለበት ወደሚቀጥለው አልጋ ዞረች።

ሀያቱ ጀርባዋን አየች። ነጭ ጋወን። ሦስት እርምጃ። አራት። አልጋው ላይ ኢክራ ወገቧን ወደ ላይ ሰቀለች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ እግሯ ፍራሹን መታ።

"ዶክተር!"

"መጣሁ፣ አንድ ጊዜ…"

"አንድ ሁለት አይደለም!"

ሀኪሟ ዞረች። ጋሼ ኪዳነወልድም ዞሩ።

"ስንት ነው?"

ሀያቱ በቁጥር አታውቀውም። ጠረጴዛው ጋ ሄደች፣ ከቅርፊቱ ውስጥ የቀረውን ሶፍቱ ላይ አራገፈች፣ በሦስት ጣቷ ቆንጠር አደረገች፣ ሀኪሟ መዳፍ ላይ ጣለችው።

"ይሄን ያህል። ሁለቴ።"

ሳምራዊት መዳፏን አየች። ሠላሳ አርባ ፍሬ ይሆናል።

"ሁለቴ? ልጅ እንዴት ይሄን የሚያህል መራራ ነገር ሁለቴ ያነሳል?"

"አላነሳችም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። በደንብ አላምጪ ያልኳትም እኔ ነኝ።"

"ተፍታለች?"

"አትተፋም። እንዳትተፋ ነው ያስተማርኳት።"

ጋሼ ኪዳነወልድ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሀኪሟ ነርሷን ጠራች፣ ቱቦ አለች፣ መርፌ አለች። "ይሄ ነገር ሆድ ውስጥ ይዘገያል፣ ገና አለ፣ እናጥባታለን። አንቺ፣ እጇን ያዢልኝ። አጥብቀሽ!"

ሀያቱ ሁለቱን እጆቿን ያዘች። ልጅቷ ጮኸች፣ ታገለች፣ እናቷን በማታውቃት ዓይን አየቻት። ሀያቱ አልለቀቀችም። ቱቦው ገባ። ውሃው ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ሳህኑ ውስጥ ጥቁር ፍሬ መታየት ጀመረ። የታኘከ፣ ያልታኘከ። ብዙ። ሀያቱ ዓይኗን አላነሳችም፤ አንዱም ሳያመልጣት አየችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መቆጣጠሪያው ላይ ያለው የልቧ ምት ቁጥር ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወረደ። የኢክራ እግር ረጋ። ሳምራዊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች።

"ትተርፋለች" አለች። "ሁለት ሦስት ቀን ዓይኗ ብዥ ሊልባት ይችላል። ዛሬ እዚህ ታድራለች። አንድ ሁለት ብለሽ ቀርተሽ ቢሆን ኖሮ…" አልጨረሰችውም። ወደ ሌላው አልጋ ሄደች።

ሀያቱ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስልኳን አወጣች፣ ጅማ ደወለች።

"እሺ የኔ እመቤት!" አለ አዩብ። ከኋላው ሰው ይጫረታል። "ጫካው እንዴት ነበር? ልጄ ሮጠች?"

"አዩብ፣ ቁጭ በል" አለችው፣ እና ከመጀመሪያዋ ቁንጥር ጀምራ ነገረችው።