ከሐውልቱ ሥር ያለው

ጓድ አሰፋ ድንኳኑ መሃል ቆሞ ስለ ሐውልቱ መናገሩን አላቋረጠም። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ እንደቆመ፣ በላዩ ያለው ወታደር ጎራዴ መዝዞ ወደ ምሥራቅ እንደሚያይ፣ ሲሚንቶው በስንት ካሚዮን ተጭኖ እንደሄደ ይዘረዝራል። ለቅሶ ደራሹ ንፍሮውን በእፍኙ እንደያዘ ያዳምጣል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሬዲዮ ዋጠ እንዴ ብለው አጉረመረሙ፤ አጠገባቸው ያሉት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

‹‹ከሥሩ ምን አለ?›› አለ ኩማ ከፍራሹ ላይ።

‹‹እንዴት ከሥሩ?››

‹‹ልጄ ከሥሩ ነው ወይ?››

አሰፋ ኮቱን አስተካከለ። የጀግኖቹ አፅም በክብር መሰብሰቡን፣ ሌላውን የሚያውቀው ግን የበላይ አካል መሆኑን ተናገረ። እሁድ መኪና ይመጣል፤ በምረቃው ላይ የሰማዕታት ወላጆች ከፊት ይቀመጣሉ።

‹‹እሄዳለሁ›› አለ ኩማ። ‹‹ስመለስ ግን ልጄን ይዤ ነው የምመለሰው።››

መርዶውም የመጣው በአሰፋ አፍ ነበር። መርዶ እንደ ደንቡ ጎህ ሳይቀድ በሽማግሌ ይነገራል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እናትን የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ። ኩማ ግን መናኸሪያው በር ላይ፣ ጋሪው ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲጠብቅ ነው አሰፋ ከመንገዱ ማዶ ተጣርቶ እንኳን ደስ ያለህ ያለው። ለፈረሰኛው ጦር፣ በተዋጋበት ሜዳ ላይ ሐውልት ሊመረቅለት ነው፤ አንተም ተጋብዘሃል አለው። ኩማ ልጁ ፍቅሬ ሊሸለም መስሎት ሳቀ። ፍቅሬ ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤውም ከቀረ ቆይቷል። እሱም ይኖራላ ብሎ ጠየቀ። አሰፋ ለቤተሰቡ ያረዳ ሰው እንደሌለ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍቅሬ እናት ደብሪቱ ባሏን አላናገረችም። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የዘመቻው ምልመላ ጊዜ ወጣቶቹ በቀበሌው ግቢ ተሰልፈው ሳለ፣ ኩማ ሰው ገፍቶ ገባና ልጄ ከፈረስ ጋር ነው ያደገው፣ ፈረስ ያውቃል አለ። የጠየቀው አልነበረም። በእግሩ ከሚሄድ በፈረስ ይሂድ ብሎ ነው፤ ነገር ሲከፋ ባለፈረስ ያመልጣል። ቤት ገብቶም ለደብሪቱ ልጅሽን አተረፍኩልሽ ብሏት ነበር።

አሁን ልጁን አምጥቶ የአዋሳን አፈር ማልበስ ነው የቀረው። መቃብር ካለ እሷም ሄዳ የምትጮህበት ታገኛለች። ምናልባት አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ፣ ውሃ ስጠኝ ትለው ይሆናል።

ቅዳሜ ግዛቸው መጣ። ከፍቅሬ ጋር የዘመተ የቱላ ልጅ ነው፤ አንድ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። የደብሪቱን ጉልበት ስሞ አለቀሰ። ለቅሶው ሲበርድለት ኩማ እጁን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባው። ደብሪቱም ተከትላ መጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

‹‹ጎራዴ ነበራችሁ?›› አለው ኩማ።

‹‹የምን ጎራዴ አባባ? ፈረሱ መሄጃ ብቻ ነው። ውጊያው ጋ ስንደርስ እንወርዳለን። ሦስታችን በእግር ወደፊት እንሄዳለን፤ አራተኛው የሁላችንንም ፈረስ ይዞ ከኮረብታው ጀርባ ይቀራል። የእኛ ያዥ ፍቅሬ ነበር።››

ኩማ ቀና አለ። ‹‹ታዲያ ፈረስ በእጁ ነበር።››

‹‹ነበር።››

‹‹ለምን አላመለጠም?››

‹‹እኛ አልተመለስንማ፣ አባባ።››

ቀሪውን ግዛቸው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። መድፉ ከኋላ መውደቅ ሲጀምር ሌሎቹ ያዦች ፈረሶቹን እየለቀቁ ሸሹ። ፍቅሬ ቀረ። ግዛቸው እግሩን ተመትቶ ከኮረብታው ሲወርድ ከላይ አየው። የአራቱንም ፈረስ ዛብ፣ የልጓሙን ጠፍር፣ ክንዱ ላይ ጠቅልሎታል፤ እንዳያመልጡት። ፈረሶቹ በረገጉ፣ እየጎተቱ ወሰዱት። የሚቀጥለው መድፍ መሃላቸው ወደቀ።

ኩማ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሪ ነጂ ልጁን መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ዛብ ይያዛል እንጂ አይጠቀለልም፤ ከበረገገ ልቀቀው፣ ፈረስ ሌላ ይገኛል። ፍቅሬ ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ዛቡን ጠቅልሎ አገኘውና በጥፊ አጮለው። ልጁ እያለቀሰ፣ ‹‹ከለቀቅኩትማ ይሄዳል›› ነበር ያለው።

‹‹አፅሙን ያነሳው ሰው አለ?››

‹‹ከወራት በኋላ ተሰበሰበ። ሐውልቱ የቆመው እዚያው ላይ ነው። የሰውና የፈረሱ ግን… ማን ይለየዋል? አንድ ላይ ነው የገባው።››

‹‹እኔ እለየዋለሁ›› አለ ኩማ። ድምፁ ልመና ሆነ። ‹‹ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ያሸሁ ሰው ነኝ። ያውጡልኝና ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እለየዋለሁ።››

‹‹ሲሚንቶ ሞልተውበታል፣ አባባ።››

ከድንኳኑ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል።

‹‹እንዴት አድርጎ ነበር የጠቀለለው?›› አለች ደብሪቱ።

ግዛቸው ባሏን አየ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ሳበና ግራ ክንዱ ላይ ጠመጠመው፣ ደግሞ ጠመጠመው፣ እስከ ክርኑ አደረሰው። መጨረሻ ላይ ጡጫውን ጨበጠ። ደብሪቱ አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኩማ ተንበርክኮ የወጣቱን ክንድ ያዘና ጋቢውን መፍታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ዙር በዙር። ጨርቁ ተፈትቶ መሬት ላይ ወደቀ። ጣቶቹ ግን ባዶው ክንድ ላይ እየዞሩ መፍታታቸውን ቀጠሉ።