ቀዳ የሌለባት ሴት

ሰው ዕዳ ከሜዳ መጣብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ የአሰበ ተፈሪዋ ረዲያ ግን ዕዳ አጥታ ነበር የምታለቅሰው። በረመዳን የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ጾሟን ትፈታለች፤ ያጎደለችውን ቀን ደግሞ ከኢድ በኋላ ትከፍላለች። ይህ ቀዳ ይባላል። የሰፈሩ ሴቶች ቀዳቸውን አብረው ይጾሙና ጎረቤቷ ሙስሊማ ቤት ተሰብስበው እየተሳሳቁ ያፈጥራሉ። ረዲያ አትጠራም፤ ያጎደለችው ቀን የላትማ!

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም እንደ ጉድ ፈሰሳት። ልጁ ሞተ፤ ጡቷ እንኳ አላጋተም፤ የወር አበባዋም በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሴቶቹ «ማሻ አላህ፣ አንድ ቀን ሳታጎድል ጾመች!» አሏት። ነገሩ በየዓመቱ ሲደጋገም ግን እርስ በርስ ተያዩ። ባሏ አብዱልቃዲርም ሂርና ሌላ አግብቶ እዚያው ቀረ። ረዲያን በቀትር ፀሐይ ይበርዳታል። ቀበሌ ለስብሰባ ሲጠራ ከምንጣፏ መነሳት ስለሚያቅታት ሊቀመንበሩ አድኃሪ ብሏት ያውቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደች። ዶክተር ጎበዜ «የወር አበባሽ ከቆመ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» አላት።

«ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ቀዳ የለብኝም፣ ዶክተር።»

የቀዳንም፣ በወሊድ ደም የፈሰሳትንም ነገር ስታስረዳው መዝግቦ ጨረሰና አላት፦ «ያኔ ደም ሲፈስሽ አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ተጎድታ ይሆናል። ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዘው እሷ ናት። ነገ ማለዳ እህል ሳትቀምሺ ነይ፤ ደምሽ ይመርመር።»

ማለዳ የተወሰደው ደም በበረዶ ተይዞ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። አውቶቡሱ ወደ ቦርደዴ ቁልቁል ሲወርድ ቆማ አየችው። በሽታ ሆኖ ካልተገኘ እርግማን ነው ማለት ነው፤ ለእርግማን ደግሞ ኪኒን የለም። ውጤቱን አብሯት የሚጠብቅ ሰው አልነበራትም።

ውጤቱ ከርሞ መጣ። ዕጢዋ ደርቃለች። ዶክተሩ እንዳታቋርጪ ብሎ ለጉልበትም ለሙቀትም ኪኒን ሰጣት፤ የወር አበባ የሚያመጣም ጨመረላት። «መውለዱን ግን ቃል አልገባልሽም» አላት። እሷ የሰማችው በሽታ መሆኑን ብቻ ነው።

በቀጣዩ ረመዳን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ደም አየች። ውሃ አንስታ ጠጣች፤ እየጠጣች አለቀሰች፣ ሳቀችም። ከኢድ በኋላ ሳምቡሳ ጠብሳ ሙስሊማ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ነገ አብሬያችሁ ልጹም። ቀዳ አለብኝ።»

ሙስሊማ የኪኒኑን ወሬ ሰምታለች፤ ክፉ ሴትም አይደለችም፣ ልታሳርፋት ፈልጋ ነው። እጇን ያዘቻት። «ያ ረዲያ፣ ምን አደከመሽ? ይሄ እኮ የኪኒን ደም ነው፣ ያንቺ አይደለም። አላህ አይጠይቅሽም። ሂጂ፣ ብዪ፣ ጠጪ።»

ሴቶቹም ከውስጥ «እውነቷን ነው!» አሉ።

ሳምቡሳውን ሰጥታቸው ተመለሰች። በማግስቱ ብቻዋን ጾመች። መግሪብ ሲደርስ የሴቶቹ ሳቅ በግድግዳው በኩል ተሰማት። ውሃዋን አነሳችና «ደሙስ የኔው ነው» አለች። በዚያው ውሃ አፈጠረች።