ከላውንደሪው በላይ ያለው ክፍል

ደላላውን ሰፈሩ «ቶሎ ቶሎ» ይለዋል። ስሙን ያገኘው ከእግሩ ሳይሆን ከምላሱ ነው፤ ቤት አሳይቶ ሳይጨርስ «ቶሎ ወስኑ፣ ከኋላችሁ ሰው አለ!» ይላል፤ ዞር ሲባል ግን ከድመት በቀር ማንም የለም።

ያን ቀን ሁለት እህትማማቾችን በዩኒቨርሲቲው አጥር ዙሪያ ሲያዞር ዋለ። ታላቅየዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ታናሿ ሚጢ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ የግቢው ማደሪያ ሞልቷል ተብላ የተመለሰች ናት። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቤታቸው ከከተማው ማዶ ስለሆነ፣ ከዚያ እየተመላለስኩ ልማር ብትል ግማሽ ዕድሜዋ አውቶቡስ ላይ ያልቃል።

የመጀመሪያው ክፍል መስኮት አልነበረውም።

«ለተማሪ መስኮት ምን ያደርግለታል?» አለ ቶሎ ቶሎ። «ሐሳቡን ይበትንበታል እንጂ!»

ሁለተኛው መስኮት ነበረው፤ የሚከፈተው ግን ወደ ጎረቤት መጸዳጃ ቤት ነው። ሦስተኛው ጋ አከራዩ ሚጢን ከእግሯ እስከ ራሷ አይቶ ፈገግ ሲል፣ ታላቅየዋ እጇን ይዛት ደረጃውን ወረደች።

«ክፍሉ እኮ ጥሩ ነበር፣ እታለም» አለች ሚጢ።

«ክፍሉማ ጥሩ ነው። ፈገግታው ነው ያልጣመኝ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ቤት ብቻ ቀረ፤ ከግቢው ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከአንድ ላውንደሪ በላይ። የቶሎ ቶሎ ስልክ ጮኸና እሱ ከታች ቀረ። «ውጡ፣ ውጡ፣ ሴትየዋ ላይ ናቸው። ሰው አይወዱም እንጂ ጥሩ ሰው ናቸው» ብሎ በእጁ አሳያቸው።

በሩን የከፈቱላቸው የላውንደሪው ባለቤት ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ አሁን የተተኮሰ ሸሚዝ ጣል አድርገዋል። ክፍሏ ትንሽ ናት። የብረት አልጋ፣ ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ ግድግዳው ላይ ልብስ መስቀያ ሚስማሮች። ከታች የሚወጣው የካውያ ሙቀት ወለሉን እንደ ሰው ገላ ለብ አድርጎታል። ከሁሉም ግን መስኮቱ! ታላቅየዋ ሳታስበው እግሯ ወደዚያ ወሰዳት። የግቢው ዛፎች፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰፊ ደረጃ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሚሳሳቁ ተማሪዎች ሁሉ ወለል ብለው ይታያሉ። አንዷ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ዳቦ ትገምጣለች፤ ፍርፋሪው ገጹ ላይ ሲወድቅ በትንፋሿ እፍ ትለዋለች።

«ታዲያ ምን ልትማሪ ነው?» አሉ ባለላውንደሪዋ።

ጥያቄው ለታላቅየዋ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ሚጢ ዕቃ መጣል ልማዷ ስለሆነ የትምህርት ማስረጃዋ ሁሉ በታላቅየዋ ብብት ሥር ነው። ታላቅየዋ የክት ኮቷን ለብሳለች። ሚጢ ደግሞ ማስቲካዋን እያላመጠች በሩን ተደግፋለች።

«እኔ አይደለሁም» ማለት ምን ይከብዳል? ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ ከየት እንደመጣ ለራሷም ሳይገባት፣

«ሕግ» አለች።

የሚጢ ማስቲካ ቆመ። ሚጢ የተመደበችው ፋርማሲ ነው።

«ጎሽ! ሕግ ብርቱ ሰው ይፈልጋል» አሉ ባለላውንደሪዋ። «እኔም የምፈልገው እንዳንቺ ሰከን ያለች ነው። እነዚህን ትናንት ከእናታቸው ጉያ የወጡትን አላስገባም ብያለሁ። አምና አንዷ ስታለቅስ ከርማ፣ ታች ሆኜ ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ ነበር።» ወደ በሩ ዞሩ። «ይቺስ?»

«እኔ አጃቢ ነኝ፣ እትዬ» አለች ሚጢ ፈጠን ብላ።

ታላቅየዋ አሁን ዞረች። ሚጢ አልሳቀችም። ዕድሜ ልኩን በኖረበት ቤት ውስጥ ድንገት አንድ ያልተከፈተ በር እንዳገኘ ሰው ታያታለች።

እናታቸው የሞተች ጊዜ አንዷ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ አንዷ አንደኛ ክፍል ነበሩ። ታላቅየዋ ደብተሯን ከድና ፀጉር ቤት ገባች። ስለ ትምህርት ሲያነሱባት «እኔ ጭንቅላት የምወደው ከላይ ከላዩን ነው» እያለች ታስቃለች። ሚጢም ቀልዱን አምና አደገች።

«እስከ እኩለ ሌሊት መብራት ማቆየት ይቻላል?» ጠየቀች ታላቅየዋ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ንባቡ ብዙ ነው።»

«ምን ገዶኝ! ዳኛ ስትሆኚ ላውንደሪዬን እንዳታሽጊብኝ እንጂ።» ሳቁና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩት። «አጃቢሽም እሑድ እሑድ እየመጣች ትጠይቅሽ።»

ያኔ ነው የባነነችው። ሚጢ በገዛ ክፍሏ እንግዳ ልትሆን ነው! ዝም ብትል ቁልፉ በእጇ ነው፤ ብትናገር ሰኞ ሚጢ የምታድርበት የለም። ቁልፉን ጨበጥ አደረገችው።

«እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ተማሪዋ እሷ ናት። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ።»

ባለላውንደሪዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እዚሁ ቤቴ ቆመሽ?» ቁልፉን ከእጇ ነጠቁ። «ውጡልኝ!»

«እኔም እኮ አጃቢ ነኝ ብያለሁ...» ጀመረች ሚጢ።

«አንቺ ዝም በይ!» አለቻትና ታላቅየዋ ወደ ሴትየዋ ቀረበች። «እኔን ያባርሩኝ፤ የእጄን ነው። ግን እኔ በዋሸሁት እሷ ለምን ትቀጣለች? ልጆች አላስገባም አሉ፤ ልጅ ብትሆን እኔ ስቀባጥር እዚያው በሳቅ ታጋልጠኝ አልነበር? ሰከን ያለች ነው የምፈልገው አሉ፤ ከሁለታችን ሰከን ያለችው የቷ ናት? ታለቅሳለች ብለው ከሆነ፣ አልደብቅዎትም፣ ታለቅሳለች። ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። ግን አይሰሟትም። እናታችን የሞተች ጊዜ እንኳ እኔ እንዳልሰማት ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው።»

«ትሰሚኝ ነበር እንዴ?» አለች ሚጢ ቀስ ብላ።

ባለላውንደሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያን የተተኮሰ ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ያልተጨማደደውን ጨርቅ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ለመሆኑ ሕጉስ? እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ ውሸት አይደለም፣ እትዬ። ያረጀ ነው።»

ሴትየዋ ከአልጋው ተነሡ። «ሳትማሪ እንዲህ ከተከራከርሽ፣ ተምረሽ ቢሆን ኖሮ ቤቱንም ከነላውንደሪው ትወስጂብኝ ነበር!» አሉና ቁልፉን ለሚጢ ዘረጉላት። «ነይ ያዢ። ትራስ መንከስ የለም። ማልቀስ ሲያምርሽ ታች ውረጂ፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ እንደልብሽ ታለቅሻለሽ።»

እሳቸው ወረዱ።

«ፀጉር የምትወጂ ይመስለኝ ነበር» አለች ሚጢ። ድምፅዋ ቅሬታ አለበት።

«እወዳለሁ። ሰው ሁለት ነገር አይወድም እንዴ?»

ሚጢ ወንበሩን ጎተተችና መስኮቱ ሥር አስጠጋችው። «ቁጭ በይ። አውቶቡስ ይቆይሻል።»

ታላቅየዋ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሚጢ ትከሻዋ ላይ አገጯን አሳርፋ፣ የማታውቃቸውን ሕንፃዎች እየገመተች አንድ በአንድ ታሳያት ጀመር፤ ያ ቤተ ሙከራ ይመስለኛል፣ ያኛው ካፍቴሪያ ሳይሆን አይቀርም፣ ያ ደግሞ...

«የሕጉን ሰኞ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አለች።