ፎቶው ላይ ያለው ሙሽራ

እታለም ከጆሃንስበርግ ሆሳዕና ድረስ የመጣችው ለአንድ ወረቀት ነው። እሷና ባሏ እንድርያስ እንደ ባልና ሚስት ለደቡብ አፍሪካ ዜግነት ሊያመለክቱ ነው፤ ጠበቃቸው ደግሞ መንግሥት ማኅተም ያደረገበት የጋብቻ ምስክር ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገባ ፋይሉ ይዘጋል ብሏቸዋል። ከተዘጋ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ስንት ዓመት፣ እንደገና በየፖሊሱ ፊት ወረቀት እየዘረጉ መሽቆጥቆጥ ነው። ሱቁ ለሰው የሚተው ስላልሆነ እንድርያስ ቀረ፣ እሷ መጣች።

ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል። የጋብቻ መመዝገቢያ ቢሮ ስትመላለስ ግን ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። የመጀመሪያ ቀን መብራት የለም ተባለች። በማግስቱ መብራቱ መጣና ሲስተሙ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተገኙ፣ ሠራተኛዋ ስብሰባ ገባች።

ዛሬ የባሏ ታናሽ ወንድም አሳምነው ሊመሰክርላት ከዶዮገና በጠዋት ሚኒባስ መጥቶ አጠገቧ ተቀምጧል። ድንች ነጋዴ ነው፣ ጨዋታ ይወዳል፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«ሙሽሪት፣ አይዞሽ፣ ዛሬ ያልቃል» አላት።

«ትናንትም በስልክ እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

ተራቸው ደረሰ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ውቢት የምትባል ወጣት ናት። ቁጡ አይደለችም፤ ትሑት ናት፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ ወረቀት ተቀብላ አነበበች፣ ፎቶውን አየች፣ ቀና ብላ አሳምነውን አየችና ፈገግ አለች።

«ባለቤትዎም መጥተዋል፤ ጥሩ። መታወቂያቸውን ይስጡኝ።»

«ባለቤቴ አይደለም፣ የባለቤቴ ወንድም ነው» አለች እታለም።

ውቢት ወረቀቱን አዙራ አሳየቻት። እታለም በቬሎ፣ አጠገቧ አሳምነው ሰፊ ኮት ለብሶ፣ ከሥር «እንድርያስ» የሚል ስም። ፊርማውም የአሳምነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ እንድርያስ ደቡብ አፍሪካ ገና የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረውም፤ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። የእታለም ቤተሰቦች ደግሞ ልጃችን በወጉ ሳትዳር አትሄድም አሉ። ስለዚህ ዶዮገና ላይ ድንኳን ተጣለ፣ ዘመድ ተጠራ፣ በሙሽራው ቦታ ታናሽ ወንድሙ ቆመ። እንድርያስ በስልክ «እሺ» አለ፣ ጉባኤው «አሜን» አለ። እንዲህ የተዳረችው እሷ ብቻ ስላልሆነች ማንም ጉድ አላለም። ፎቶ ይለጠፍ ሲባል ያለው ፎቶ ተለጠፈ፤ ይፈረም ሲባል የቆመው ሰው ፈረመ። ወረቀቱም እናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ።

«ባለቤትዎ ራሳቸው መጥተው እዚህ ይፈርሙ» አለች ውቢት። «በሠርጉ የነበሩ ምስክሮች ካሉ በድሮው ቀን እመዘግበዋለሁ።»

«ውክልና ቢልክስ?»

«ጋብቻ በውክልና አይሆንም።»

«ሁለት ልጅ ወልደናል እኮ!»

«እግዚአብሔር ያሳድግልዎት» አለች ውቢት፣ ከልቧ።

አሳምነው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ፎቶው የኔ፣ ፊርማው የኔ። ታዲያ አሁንም እኔው ብፈርምስ? እጄ ለምዶታል።» ይህን ሲል የውቢትን እስክሪብቶ አንስቷል።

እታለም እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቃ ኮሪደር ወጣችና ደወለች። እንድርያስ አነሳው፤ ከኋላው የሱቁ ጫጫታ ይሰማል። የሆነውን ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ።

«አሳምነው የለም እንዴ?» አላት ቀጥሎ። «እሱ ይጨርስልን በቃ።»

እዚህ ላይ ነደዳት። ቬሎ ለብሳ ከባሏ ወንድም ጋር ኬክ ስትቆርስ ዝም ብላ ነበር። ጆሃንስበርግ ኤርፖርት ላይ ባሏን ከላከላት ፎቶ ጋር እያስተያየች ስትፈልገውም ዝም ብላ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ያላለችው ሁሉ ዛሬ ገነፈለ።

«ስማ አንተ ሰውዬ!» አለችው፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማት። «በሠርጌ ቀን አልነበርክም። ወረቀት አልነበረህም፣ አልጠየቅኩህም። አሁን ፈቃድ አለህ፣ መውጣት መግባት ትችላለህ። ወይ መጥተህ አጠገቤ ቆመህ ትፈርማለህ፣ ወይ ለብቻህ ዜጋ ሁን!»

«ሱቁንስ?»

«ሱቁን አግባው!»

 አንድ ደንበኛ ዳቦ ሲጠይቅ በስልኩ ይሰማታል። እንድርያስ በእንግሊዝኛ «ዝግ ነው» ብሎ መለሰለት። ደንበኛው አጉረመረመ፤ ወዲያው የብረት በሩ እየተንኳኳ ቁልቁል ሲወርድ ሰማች። ያ በር በጠራራ ፀሐይ የሚዘጋው ዘራፊ መጣ ሲባል ብቻ ነው።

«ነገ ትኬት እቆርጣለሁ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

እታለም የውቢትን እስክሪብቶ እስካሁን ጨብጣዋለች። ንዴቷ ገና አልበረደም።

«ኮት ይዘህ ና» አለችው። «ፎቶ እንነሳለን።»